3.5 የምትለው ቁጥር ከየት መጣች? ስለ ልጆች የእርሳስ መመረዝና ስለ አሜሪካው አማካሪ ኮሚቴ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ልጆች አንድ ዓመት ሲሞላቸው ክሊኒክ ይሄዳሉ፣ ነርሷ ጣታቸውን ጠቅ አድርጋ ጥቂት ጠብታ ደም ትወስዳለች። ልጁ ያለቅሳል፣ ፕላስተር ይለጠፍለታል፣ ወላጁ አቅፎት ይወጣል። ከቀናት በኋላ አንድ ቁጥር ይመጣል። ብዙ ወላጅ ቁጥሩን አያየውም። «ኖርማል ነው» ይባላል፣ እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይተወዋል።

ያ ቁጥር በልጁ ደም ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን ነው። ሐኪሞቹ «ሊድ» የሚሉት ከባድ ብረት ማለት ነው። ልጆች የሚጽፉበት እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ስለሆነ ከዚህ ጉዳይ ጋር አይገናኝም። ይህ ቁጥር ስንት ሲደርስ ሐኪም መነሳት እንዳለበት መንግሥትን የሚመክር ኮሚቴ አለ። ዛሬ ያ መስመር 3.5 ነው፤ በአንድ ዴሲሊትር (የሊትር አንድ አሥረኛ) ደም ውስጥ 3.5 ማይክሮግራም እርሳስ ማለት ነው። ስለ ኮሚቴውና ስለ ቁጥሩ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ኮሚቴው የማን ነው? ሥራውስ ምንድን ነው?

ኮሚቴዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ቀረ፣ ሌላው በቦታው ተተካ።

የመጀመሪያው የልጆች የእርሳስ መመረዝ መከላከያ አማካሪ ኮሚቴ ይባል ነበር። ምክሩን የሚሰጠው ዋና መሥሪያ ቤቱ አትላንታ ለሆነው ለበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ማለትም ለሲዲሲ ነበር። በ2013 ሥራው አበቃ።

ሁለተኛው ኮንግረስ በ2016 መጨረሻ ባጸደቀው ሕግ የተቋቋመ ነው። ስሙ የእርሳስ ተጋላጭነትና መከላከያ አማካሪ ኮሚቴ ነው፤ በምህጻረ ቃል ሌፓክ ይሉታል። 15 አባላት አሉት። ከፊሎቹ ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ይመጣሉ፣ ከፊሎቹ ከመንግሥት ውጭ ናቸው። ሥራው የፌዴራል መንግሥቱ በእርሳስ ላይ የሚያካሂዳቸውን ፕሮግራሞች መገምገም፣ አዳዲስ ምርምሮችን ማየት፣ የቱ ጋ ክፍተት እንዳለ መናገርና ሪፖርት ማቅረብ ነው።

ሕጉ ከየትኛው ሙያ ሰው መኖር እንዳለበት ሲዘረዝር የሕፃናት ሐኪምና የመርዝ ተመራማሪ ብቻ ብሎ አላቆመም። የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት፣ የአእምሮ ጤናና የሥነ ምግብ ባለሙያም ይገባሉ። ይህን ያሰበ ሰው ጉዳዩ ገብቶታል። በእርሳስ የተጎዳ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል አይተኛም። ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ክፍል ውስጥ ነው። ልጁ ቁጭ ብሎ መማር ያቅተዋል፣ ፊደል አልያዝ ይለዋል፣ «አስቸጋሪ ልጅ» ይባላል።

ሲዲሲ የራሱ ሳይንቲስቶች አሉት። የውጭ ሰው ምክር ለምን ያስፈልገዋል?

መሥሪያ ቤት ራሱን በራሱ ሲመዝን ስለሚሳሳት ነው። ለዚህ ከዋሽንግተን ዲሲ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ብዙ ወገኖቻችን ለሚኖሩባት ከተማ ነገሩ ሩቅ አይደለም።

በ2000 መጨረሻ በከተማዋ ውኃ ውስጥ የሚጨመረው ፀረ ተሕዋስያን ኬሚካል ተቀየረ። አዲሱ ኬሚካል አሮጌዎቹን የእርሳስ ቧንቧዎች ከውስጥ ይሸፍን የነበረውን ቅርፊት አላላው። እርሳሱ ወደ ውኃው ገባ። ሕዝቡ ጉዳዩን በስፋት የሰማው በ2004 መጀመሪያ ላይ በጋዜጣ ነው። በዚያው ዓመት ሲዲሲ ሪፖርት አወጣ። ሪፖርቱን ያነበበ ሰው «ይሄን ያህልም አይደለም» የሚል ስሜት ይዞ ነበር የሚነሳው። በ2010 አንድ የኮንግረስ ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ ሪፖርቱ ጉዳቱን አሳንሶ አቅርቧል ሲል ክፉኛ ተቸው። በእነዚያ ዓመታት መካከል ግን ጡጦ በዚያ ውኃ የተበጠበጠላቸው ሕፃናት አድገዋል።

አሜሪካ ውስጥ የአማካሪ ኮሚቴዎች አሠራር የሚገዛው በ1972 በወጣ ሕግ ነው። ስብሰባቸው በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ቀኑም አስቀድሞ ይፋ ይደረጋል። ምን እንደተባለም ይመዘገባል። የውጭ ዓይን ማለት ይህ ነው።

3.5 የምትለው ቁጥር እንዴት ተገኘች? እናቴ ቀድሞ 10 ነበር ትላለች።

እናትዎ ልክ ናቸው። ከዚያም በፊት ከ10 በላይ ነበር።

በ1960ዎቹ የልጅ ደም በዴሲሊትር 60 ማይክሮግራም እርሳስ እስኪኖረው ድረስ ሐኪሞች ብዙም አይደነግጡም ነበር። በ1970 ገደማ ወደ 40 ወረደ። በ1975 30 ሆነ፣ በ1985 25፣ በ1991 ደግሞ 10። እዚያ ላይ ሃያ ዓመት ቆመ። በ2012 ወደ 5፣ በ2021 ወደ 3.5 ዝቅ አለ።

የልጆች አካል በእነዚህ ዓመታት አልተለወጠም። የተለወጠው የምርምሩ ጥራት ነው። በ1979 ኸርበርት ኒድልማን የሚባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አሳተሙ። ቦስተን አጠገብ ባሉ ከተሞች ካሉ ተማሪዎች የወለቁ የወተት ጥርሶችን ሰብስበው ነበር። ደም የሚናገረው ስለ ቅርብ ሳምንታት ነው፤ ጥርስ ግን ለዓመታት የገባውን እርሳስ ይዞ ይቆያል። ጥርሳቸው ውስጥ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ልጆች በአእምሮ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። መምህሮቻቸውም ትኩረት እንደሚያንሳቸው መሰከሩ። ከእነዚህ ልጆች አንዱም በእርሳስ ታሞ ሐኪም ቤት የገባ አልነበረም። ከዚያ በኋላ «ካልታመመ ደህና ነው» ማለት አስቸገረ። የእርሳስ ኢንዱስትሪው ወገን በኒድልማን ላይ ለዓመታት ዘመቻ አካሄደ፤ የምርምር ምግባር ክስ ሁሉ ቀርቦባቸው ነጻ ወጥተዋል።

የመጀመሪያው ኮሚቴ ትልቁን ሥራ የሠራው በጃንዋሪ 2012 ነው። እስከዚያ ድረስ 10 «አሳሳቢ ደረጃ» ይባል ነበር። ወላጅ 9 ሲወጣለት «አያሳስብም» ተብሎ ይሸኛል። ኮሚቴው ይህ አነጋገር ራሱ ይቅር አለ። ደህና የሚባል የእርሳስ መጠን ስላልተገኘ፣ የሚያሳስብና የማያሳስብ ብሎ መክፈል ትክክል አይደለም ማለቱ ነው። በምትኩ ሌላ መንገድ አቀረበ። በአሜሪካ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን ደም የሚለካ አገር አቀፍ ጥናት አለ። ከዚያ ውስጥ ከፍተኛውን ውጤት ያመጡት 2.5 በመቶ ልጆች ተለይተው ይታወቁ፣ እነሱ ከሌሎቹ የበለጠ ተጋልጠዋልና እርዳታው እዚያ ይጀመር አለ። ሲዲሲ በሜይ 2012 ሐሳቡን ተቀበለ። ቁጥሩ 5 ሆነ።

በዚህ ስሌት የልጆች ደም እየጸዳ ሲሄድ ቁጥሩም ይወርዳል። በሜይ 2021 ሌፓክ በሙሉ ድምፅ ወደ 3.5 ይውረድ ብሎ መከረ፤ ሲዲሲ በኦክቶበር 28, 2021 አደረገው። እዚህ ላይ አንድ ልጅ አስቡ። በሴፕቴምበር ተመርምሮ 3.8 ወጣለት። ወላጆቹ «ኖርማል» ተባሉ። በኖቬምበር ያው 3.8 ቢወጣ ግን ድጋሚ ምርመራ፣ የቤት ጥያቄ፣ ክትትል ይመጣል። ደሙ ያው፣ ልጁም ያው።

ስለዚህ ከ3.5 በታች ከሆነ ልጄ ደህና ነው?

እንደዚያ ማለት አይቻልም። 3.5 የመርዝና የጤና ድንበር አይደለም። ጤና ቢሮዎች ቅድሚያ ለማን እንደሚሰጡ የሚያውቁባት መስመር ናት። ውጤቱ 3.1 የሆነ ልጅም አንድ ቦታ እርሳስ አግኝቶታል ማለት ነው፤ ምንጩን መፈለግ ተገቢ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ 4 ወጣ ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ትንንሽ ልጆች አማካይ ውጤት 15 ነበር። ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው እርሳስ ሲቀርና ሌሎች ቁጥጥሮች ሲመጡ ነው የወረደው። ዛሬ አማካዩ ከ1 በታች ነው። 4 እርምጃ የሚያስወስድ ውጤት ነው፤ የልጁ ዕጣ ፈንታ ተቆረጠ ማለት ግን አይደለም።

ከጣት የተወሰደው ደም ከፍ ያለ ውጤት አሳየ። ቀጥሎ ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ ከክንድ ደም ሥር ተወስዶ ይረጋገጣል። ጣት ላይ ያለ አቧራ ውጤቱን ሊያበላሸው ይችላል፤ እጅ በሳሙና በደንብ ካልታጠበ በተለይ። ሲዲሲ እንደ ቁጥሩ ክብደት ጊዜ ይሰጣል። ከ3.5 እስከ 9 ከሆነ በሦስት ወር ውስጥ፣ ከ10 እስከ 19 ከሆነ በአንድ ወር፣ ከ20 እስከ 44 ከሆነ በሁለት ሳምንት፣ 45 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ መረጋገጥ አለበት። እነዚህ የመጨረሻ ቀነ ገደቦች ናቸው። ቀደም ብሎ ማስደረግ ከተቻለ ይሻላል።

ከተረጋገጠ በኋላ የአካባቢው ጤና ቢሮ ሊደውል ይችላል። ቤት መጥቶም ሊያይ ይችላል። አንዳንድ ወላጅ መንግሥት ቤቴ መጣ ብሎ ይደነግጣል፣ «ልጄን ሊወስዱብኝ ይሆን?» ይላል። የሚመጡት ቀለሙን፣ አቧራውን፣ ውኃውን ሊያዩ ነው። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

እርሳስ ልጄ ጋ የሚደርሰው በየት በኩል ነው?

ዋናው አሮጌ ቤት ነው። አሜሪካ ለቤት የሚሆን እርሳስ ያለበት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ አሁን ከሚታየው ቀለም ሥር አሮጌው ሊኖር ይችላል። «ልጄ ግድግዳ አይልስም» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ልጁ መላስ አያስፈልገውም፤ አቧራው ይበቃል።

ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተውን አሮጌ የእንጨት መስኮት ልብ ብላችሁ እዩት። በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እንጨት ከእንጨት ይፋተጋል። ቀለሙ ይፈጫል። መስኮቱን ከፍ አድርጋችሁ ከታች ያለውን ጎድጓዳ ቦታ በእርጥብ ሶፍት ብትጠርጉት ግራጫ ዱቄት ይወጣል። አሁን ደግሞ ገና መቆም የጀመረ ልጅ አስቡ። ውጭ ያለውን መኪና ለማየት የሚደገፈው እዚያው የመስኮት ጠርዝ ላይ ነው። እጁ ከጠርዙ ወደ አፉ ይሄዳል። በቀን ስንት ጊዜ!

ይህን አቧራ በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፤ ይነሳና ቤቱን ይሞላዋል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁንም ጣሉት። የተላጠ ቀለም ራሳችሁ አትፋቁ። ቤት ስትከራዩ ወይም ስትገዙ፣ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ባለቤቱ ስለ እርሳስ ቀለም የሚያውቀውን የመናገርና ማስረጃ ወረቀት የመስጠት የፌዴራል ግዴታ አለበት። ከኪራይ ውሉ ጋር አስፈርሞ የሚሄደው ወረቀት እሱ ነው፤ አንብቡት።

ቀጥሎ ውኃ አለ። ውኃ ማፍላት እርሳስን አያስወግድም። ይህን ደጋግሜ የምለው እኛ ቤት «ይፍላ» የሁሉም ነገር መፍትሔ ስለሆነ ነው። ጀርም ይሞታል፤ እርሳስ ግን እዚያው ይቀራል፣ ውኃው ሲተን ጭራሽ ይጠነክራል። ለሻይ፣ ለገንፎና ለሕፃን ወተት ቀዝቃዛውን ቧንቧ ተጠቀሙ፤ ሙቁ ውኃ ከቧንቧው ብዙ እርሳስ ይዞ ይመጣል። ማጣሪያ ከገዛችሁ እርሳስ እንደሚያስወግድ «ኤንኤስኤፍ 53» (NSF 53) በሚባለው የማጣሪያ መመዘኛ የተረጋገጠ መሆኑን ዕቃው ላይ እዩ። ዲሲ የምትኖሩ ከሆነ የከተማው ውኃ መሥሪያ ቤት በነጻ ይመረምርላችኋል።

አባት ወይም እናት ቀለም ቀቢ፣ አሮጌ ቤት አፍራሽ ወይም ባትሪ የሚነካካ ሠራተኛ ከሆኑ አቧራው በልብስና በጫማ ይገባል። የሥራ ልብስ ለብቻው ይታጠብ፤ ልጅ ከማቀፍ በፊት ሻወር ይወሰድ።

ከአገር ቤት ያመጣነው ዕቃስ?

አንደኛ ኩል። በባህላዊ መንገድ ከድንጋይ የሚዘጋጅ ኩል ብዙ ጊዜ ራሱ የእርሳስ ማዕድን ነው። ኤፍዲኤ፣ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ እንዲህ ያለውን ኩል አሜሪካ ውስጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሕፃን ልጅ ዓይን ላይ ኩል አታድርጉ። አያት «ዓይኑን ያጠራዋል» ብትልም፣ በፍቅር አስረዷት። ልጁ ዓይኑን አሽቶ እጁን ሲጠባ ዱቄቱ ሆዱ ይገባል። የምትኳል እናትም እጇን ሳትታጠብ ልጅ አትመግብ።

ሁለተኛ ድስት። ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የሚሠራ የአሉሚኒየም ማብሰያ ውስጥ እርሳስ ሊገባበት ይችላል። በዋሽንግተን ስቴት፣ ሲያትል ባለችበት ኪንግ ካውንቲ፣ የጤና ባለሙያዎች ከአፍጋኒስታን የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ ሲያገኙ ምንጩን ተከታትለው ማብሰያው ላይ ደረሱ። ግዛቱ በ2024 እርሳስ ያለባቸው ማብሰያዎችን የሚከለክል ሕግ አወጣ። የኛ ቤት ድስትም እንዲሁ ተቀልጦ የተሠራ ከሆነ፣ በተለይ ቲማቲምና ሎሚ የመሰለ ኮምጣጣ ነገር የምትሠሩበት ከሆነ፣ በብረት ወይም በማይዝግ ድስት ቀይሩት። የሚያብረቀርቅ ቅብ ያለውን አሮጌ የሸክላ ሰሐንም ምግብ አታቅርቡበት።

ሦስተኛ ቅመም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ እንጂ ድንጋጤ አያስፈልግም። ዋናው ስጋት ቀለሙ እንዲደምቅ ወይም ክብደቱ እንዲጨምር የሚቀላቀል ዱቄት ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ እርድን ለማድመቅ እርሳስ ያለበት ቢጫ ቀለም ይጨመር እንደነበር ተረጋግጧል። በ2023 ደግሞ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ምንም የማይጎድለው ቤት የሚያድጉ ልጆች ውጤታቸው ከፍ አለ። ቀለም ታየ፣ ውኃ ታየ፣ ምንም አልተገኘም። በመጨረሻ ልጆቹ የሚወዱት በከረጢት የሚሸጥ የፖም ፍትፍት ተመረመረ። ከኢኳዶር የመጣ ነበር፣ የተጨመረበት ቀረፋ በእርሳስ ተበክሏል። በመላው አገሪቱ ከ500 በላይ ልጆች ጉዳይ ለሲዲሲ ሪፖርት ተደረገ። በርበሬ ቤት ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ በምታውቁት ወፍጮ ሲፈጭ አንድ ነገር ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ከልክ በላይ የቀላ ዱቄት ደግሞ ሌላ ነው። የልጃችሁ ውጤት ከፍ ካለ ለጤና ቢሮው ቅመማችሁን ሁሉ አሳዩ። እነሱ የኛን ጓዳ ስለማያውቁ ላይጠይቋችሁ ይችላሉ።

ኮሚቴው ከመከረ በኋላ የሚታዘዝ አለ?

የግድ የለም። ስሙ እንደሚለው አማካሪ ነው። ሲዲሲም ቢሆን ቤት የሚያሽግ ወይም ምርት የሚያግድ መሥሪያ ቤት አይደለም። ውኃ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የኢፒኤ ነው፣ ምግብና መዋቢያ የኤፍዲኤ፣ በመንግሥት የሚደገፍ መኖሪያ ቤት የቤቶች ሚኒስቴር፣ አሻንጉሊትና የቤት ቀለም የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ነው። ክትትሉን የሚሠሩት ደግሞ ግዛቶችና ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ሲዲሲ 3.5 ቢልም ሁሉም ግዛት በአንድ ቀን አልተከተለም፤ የቤት ምርመራ ለማዘዝ ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር የሚጠብቁ አሉ።

ያም ሆኖ ምክሩ ከባድ ነው። ሐኪሞችና ላቦራቶሪዎች የሚያዩት ቁጥር እሱ ነው። ግዛቶች ሕግ ሲያወጡ እሱን ይጠቅሳሉ።

ፖለቲካ ገብቶበት ያውቃል?

አዎ። ይሄንን ሳስብ ነው የሚቆጨኝ።

በ2002 የመጀመሪያው ኮሚቴ 10 የሚለውን ቁጥር ዝቅ ስለማድረግ ሊነጋገር በተቃረበበት ጊዜ፣ የጤና ሚኒስቴሩ የሲዲሲ ሳይንቲስቶች ያቀረቧቸውን ዕጩዎች አልቀበልም አለ። በምትካቸው ከታጩት መካከል ከእርሳስ ኢንዱስትሪው ጋር ግንኙነት ያላቸው ነበሩ። ቁጥሩ 10 ላይ ቆሞ ሌላ አሥር ዓመት ቆየ።

በ2012 የኮሚቴው ምክር ተቀባይነት አገኘ። ኮንግረስ ግን ለዚያው የበጀት ዓመት የሲዲሲን የእርሳስ በጀት ከ29 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 2 ሚሊዮን ቆረጠው። እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ቁጥር በጨመረበት ዓመት ገንዘቡ ጠፋ። በቀጣዩ ዓመት ኮሚቴውም ቀረ።

ከዚያ ፍሊንት መጣች። በኤፕሪል 2014 ይህች የሚሺጋን ከተማ ገንዘብ ለመቆጠብ የውኃ ምንጯን ወደ ፍሊንት ወንዝ ቀየረች። ውኃው ቧንቧ እንዳይበላ የሚከላከለው ኬሚካል አልተጨመረበትም። እናቶች ቡናማ ውኃ በጠርሙስ ይዘው ስብሰባ ላይ ሲጮኹ «ደህና ነው» ተባሉ። በሴፕቴምበር 2015 የሕፃናት ሐኪሟ ሞና ሐና አቲሻ የሆስፒታላቸውን የደም ውጤቶች ደርድረው አሳዩ። ውኃው ከተቀየረ በኋላ ከፍ ያለ እርሳስ ያለባቸው ልጆች በርክተዋል። ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ አጣጣሏቸው፣ ቆይተው እውነት መሆኑን አመኑ። በ2016 መጨረሻ የወጣው ሕግ ለፍሊንት ነዋሪዎች መዝገብ ሲያቋቁም ሌፓክንም አብሮ አቋቋመ። ያፈረሱትን መልሰው ለመሥራት አንድ ሙሉ ከተማ መመረዝ ነበረበት።

በኤፕሪል 2025 ደግሞ የሲዲሲ የልጆች የእርሳስ መከላከያ ፕሮግራም ሠራተኞች በጅምላ ከሥራ ተሰናበቱ። በዚያው ሰሞን የሚልዋኪ ከተማ በትምህርት ቤቶቿ ውስጥ እርሳስ አግኝታ የባለሙያ እርዳታ ጠይቃ ነበር። የሚመጣ ሰው የለም ተባለች። ጥቂት ወራት ቆይቶ ብዙዎቹ እንዲመለሱ ተነገራቸው። ኮሚቴ ምክር ቢሰጥም ምክሩን ይዞ ቤት የሚያንኳኳ ሰው ካልተቀጠረ ልጁ ጋ አይደርስም።

ሕክምና አለው?

ውጤቱ 45 እና ከዚያ በላይ ሲሆን እርሳሱን ከደም የሚያስወጣ መድኃኒት ይሰጣል፤ ሕይወት ያድናል። ከዚያ በታች ለሆኑት ግን መድኃኒቱ ተስፋ የተጣለበትን ያህል አልሆነም። በ2001 የታተመ ትልቅ ጥናት ከ20 እስከ 44 በሆኑ ልጆች ላይ ሞክሮት፣ በደም ውስጥ ያለውን እርሳስ ቀነሰ እንጂ የአእምሮ ፈተና ውጤታቸውን አላሻሻለም። ቀድሞ መከላከል ላይ ይህን ያህል የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ምንጩ ከተገኘና ከተወገደ በደም ያለው መጠን በሳምንታትና በወራት ይወርዳል። አጥንት ውስጥ የገባው ግን ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ ሴት ልጅ አድጋ ስታረግዝ ወደ ጽንሱ ሊያልፍ ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁና በልጅነታችሁ ወይም በሥራችሁ ተጋልጣችሁ የምታውቁ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ምግብም ይረዳል። ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ሲ በደንብ የሚያገኝ ልጅ እርሳስን በቀላሉ አይመጥም። ምስር፣ ጎመን፣ ወተት፣ ብርቱካን በቂ ናቸው። ሆዱን ባዶ አታቆዩት።

ልጄ የግድ መመርመር አለበት?

ሜዲኬይድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን ያለው ልጅ ሁሉ በ12 እና በ24 ወሩ መመርመር አለበት። ያመለጠው እስከ ስድስት ዓመቱ ይመረመራል። በስደተኝነት ፕሮግራም ለሚገቡ ልጆች ሲዲሲ እስከ 16 ዓመት ያሉት እንደገቡ እንዲመረመሩ፣ ትንንሾቹ ደግሞ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ እንዲደገም ይመክራል። የሚደገመው አዲስ የተከራዩት ቤት ራሱ ችግር ሊኖረው ስለሚችል ነው። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጣችሁ ከሆነ ማንም ላያስታውሳችሁ ይችላል። እናንተ ጠይቁ።

ኢትዮጵያ ውስጥስ?

ጥያቄው እዚያም ያው ነው። ዩኒሴፍ በ2020 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ከሦስት ልጆች የአንዱ ደም 5 ወይም ከዚያ በላይ እርሳስ እንዳለበት ገምቷል፤ እስከ 800 ሚሊዮን ልጅ ማለት ነው። አብዛኞቹ የሚኖሩት እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። በመኪና ቤንዚን ውስጥ እርሳስ መጨመር በዓለም ጨርሶ የቀረው በ2021 አልጄሪያ ስታቆም ነው። ኢትዮጵያ በ2018 የእርሳስ ቀለም መቆጣጠሪያ ደንብ አውጥታለች። በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ይላል፤ ይህ ከአሜሪካው ጋር እኩል ነው። ጥሩ ደንብ ነው። ለመኝታ ቤትና ለመዋዕለ ሕፃናት ቀለም ስትገዙ ሻጩን «እርሳስ የለበትም?» ብላችሁ ጠይቁ። አሮጌ የመኪና ባትሪ ከሚሰበርበትና ከሚቀለጥበት ግቢ ልጆችን አርቁ።

እኔ ተራ ወላጅ ነኝ። ኮሚቴው ፊት መናገር እችላለሁ?

ይቻላል። ስብሰባ ሲጠራ ቀኑ ከ15 ቀን በፊት በመንግሥቱ ዕለታዊ ጋዜጣ፣ በፌዴራል ሬጅስተር ይወጣል። ለሕዝብ አስተያየት ጊዜ ይመደባል፤ በጽሑፍ መላክም ይቻላል። የምትሉት ነገር ሳይንስ መሆን የለበትም። «ልጄ 6 ወጣለት፣ ውጤቱን ያወቅሁት ከአራት ወር በኋላ ነው፣ የተላከልኝ ደብዳቤ ባልገባኝ ቋንቋ ነበር» የሚል ሰው ኮሚቴው ፈልጎ የማያገኘውን ነገር ነገረው ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ግን የራሳችሁን ልጅ ቁጥር እወቁ። ክሊኒኩ «ኖርማል ነው» ሲላችሁ «ስንት ነው?» በሉ። ወረቀቱን አትሙልኝ በሉ። ወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ ከጣት ወይስ ከደም ሥር እንደተወሰደና ቁጥሩን ፈልጉ። «ከ3.3 በታች» ብቻ የሚል ከሆነ የምርመራ መሣሪያው ከዚያ በታች ማንበብ ስለማይችል ሊሆን ይችላል፤ ጠይቁ። ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጡት፤ በ24 ወሩ የሚመጣው ውጤት የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።